ባለጉዳዩ ሳይሆን ፋይሉ ይመላለስ

ከሱሉልታ ተነስቶ በጎጃም መንገድ እንጦጦን ተሻግሮ አዲሱ ገበያ ለወረደ ሰው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ያለበት ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። በዚህ መንገድ ለትምህርት የሚመላለሱ አሉ፤ ትምህርታቸውን ጨርሰው ለትራንስክሪፕት ወይም ለዲግሪ ማረጋገጫ የሚመላለሱም አሉ። የእነዚህ ጉዳይ የሚያልቀው በመማሪያ ክፍል ሳይሆን በአስተዳደር ቢሮ ነው።

የዩኒቨርሲቲውን አስተዳደር ትልቅነት ለመረዳት አነሳሱን ማየት ይበቃል። ተቋሙ በ1942 ዓ.ም. ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት የመጀመሪያ ተማሪዎቹ 33 ነበሩ። በ1954 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተብሎ በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ተደራጀ። ከጊዜ በኋላ ራሱ ያወጣው መረጃ ከ48,000 በላይ ተማሪዎች፣ ከ6,000 በላይ ሠራተኞችና 14 ካምፓሶች እንደነበሩት ይገልጻል። የእንስሳት ሕክምና ኮሌጁ ደግሞ ከከተማው ውጭ ቢሾፍቱ ነው። ለ33 ተማሪ አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ይበቃ ነበር፤ ለዚህ ሁሉ ሰው ግን ሬጅስትራሩ፣ ፋይናንሱ፣ ግዥው፣ የሰው ኃይሉና ንብረት ክፍሉ እየተናበቡ መሥራት አለባቸው።

አለመናበብ ምን እንደሚያስከትል በአንድ ግዥ ማየት ይቻላል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ያለ ቤተ ሙከራ ኬሚካል አለቀበት እንበል። የትምህርት ክፍሉ ይጠይቃል፣ ኮሌጁ ያጸድቃል፣ ፋይናንስ በጀት መኖሩን ያረጋግጣል፣ ግዥ ክፍል ፕሮፎርማ ይሰበስባል ወይም ጨረታ ያወጣል። ዕቃው ሲመጣ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ተደርጎ ለጠያቂው ይደርሳል። እያንዳንዱ ደረጃ የሕዝብ ገንዘብ እንዳይባክን የተቀመጠ ነው። ችግሩ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲሻገር ሴሚስተሩ ማለቁ ነው። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ሲዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ወደ መንግሥት ካዝና ይመለሳልና፣ በሰኔ ጥድፊያ አንገብጋቢው ቀርቶ ቶሎ የሚገኘው ዕቃ ሊገዛ ይችላል።

ክሊራንስም እንዲሁ ነው። ተመራቂው ከቤተ መጻሕፍት፣ ከመኝታ ቤት፣ ከትምህርት ክፍልና ከሌሎችም ፊርማ ይለቅማል፤ በ1996 ዓ.ም. የተጀመረው የወጪ መጋራት ውልም አለ። መረጃው ሁሉ በዩኒቨርሲቲው እጅ እያለ፣ ከቢሮ ቢሮ የሚያዞረው ባለጉዳዩ ነው።

ይህን ለማቃለል ብዙ ተሞክሯል። መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ፣ ማለትም ቢፒአር፣ በመላ ሲቪል ሰርቪሱ ሲዘመት ዩኒቨርሲቲዎችም ገብተውበት ነበር። ዛሬ ምዝገባና ውጤት በኮምፒዩተር ይታያል። ይሁን እንጂ ሰባት ፊርማ የሚጠይቅ አሠራር እንዳለ ወደ ኮምፒዩተር ቢገባ ሰባት ሰው መጠበቁ አይቀርም። መጀመሪያ የማያስፈልገው ፊርማ መቀነስ አለበት፤ ሶፍትዌሩ ከዚያ ይከተላል።

ትልቁ ለውጥ የመጣው በ2015 ዓ.ም. ነው። የራስ ገዝ ዩኒቨርሲቲዎች አዋጅ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ጸደቀ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም የመጀመሪያው ራስ ገዝ ሆነ። ራስ ገዝነት ማለት ሠራተኛ መቅጠርን፣ በጀት መደልደልን፣ ገቢ ማመንጨትንና ተማሪ መቀበልን በቦርድ እየተመሩ በራስ መወሰን ነው። ዩኒቨርሲቲው አመልካቾችን በራሱ የመግቢያ ፈተና ይመዝናል።

ሥልጣኑ ከሚኒስቴር ወደ ዩኒቨርሲቲው መውረዱ ደግ ነው፤ በፕሬዚዳንቱ ቢሮ ከቆመ ግን ሥራው ግማሽ ነው። የትምህርት ክፍል ኃላፊው አነስተኛ ግዥን ራሱ መጨረስ፣ የሬጅስትራር ባለሙያውም ሙሉ መረጃ ይዞ በዚያው መስኮት መወሰን መቻል አለበት። ተጠያቂነቱ ደግሞ ከሥልጣኑ ጋር አብሮ ይወርዳል፤ ማን፣ መቼ፣ ምን እንደወሰነ የሚመዘግብ ሥርዓት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ገቢ የማመንጨት ነፃነትም ጥንቃቄ ይሻል። አስተዳደሩ በአሠራር የሚያባክነውን ሳይቀንስ ክፍያ ቢጨምር፣ ዕዳውን የሚሸከመው ልጁን ለማስተማር የሚጥረው የሱሉልታ ገበሬና የቀን ሠራተኛ ነው። ስለዚህ የዘመናዊነቱ መለኪያ የተገዛው ኮምፒዩተር ብዛት መሆን የለበትም። ትራንስክሪፕት ስንት ቀን ይፈጃል? ኬሚካሉ ቤተ ሙከራው ሳይዘጋ ይደርሳል? ዩኒቨርሲቲው እነዚህን መልሶች በየዓመቱ ለሕዝብ ቢያሳውቅ፣ ለውጡ መምጣቱን ማንም በራሱ ያረጋግጣል።