መላውን አካል በአንድ ጊዜ የሚያይ መሣሪያ

ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ ብለውት የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ያቃተው ሰው ሕመሙን ያውቀዋል። ራጅ ግን ብዙ ጊዜ ጉዳቱን የሚያሳየው አጥንቱ ከተበላ በኋላ ነው።

ይህ የመገጣጠሚያ ብግነት የሚነሣው ሰውነትን የሚጠብቀው የመከላከያ ኃይል ተሳስቶ የገዛ አካሉን ሲያጠቃ ነው። የተቆጣ ሥፍራ ስኳር አብዝቶ ይወስዳል። ስለዚህ ሐኪሞች ጨረር የሚያመነጭ ፍሎሪን የተያያዘበትን ጥቂት ስኳር በደም ሥር ይሰጣሉ፤ የጨረሩም ኃይል በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። ፔት የተባለው መሣሪያ ስኳሩ የተከማቸበትን ሥፍራ ያሳያል።

የተለመደው ፔት በአንድ ጊዜ የሚያየው ጥቂት የአካል ክፍል ብቻ ነው። የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ሳይንቲስቶች ከሌሎች ጋር ያዘጋጁት ኤክስፕሎረር ግን 194 ሳንቲ ሜትር ስለሚረዝም ከራስ እስከ እግር ጣት በአንድነት ያያል። የመጀመሪያዎቹ የሰው ምስሎች የታዩት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ ወዲህ ተመራማሪዎች የሕሙማንን መገጣጠሚያዎች ሁሉ በአነስተኛ ጨረር መርምረውበታል።

ይሁን እንጂ ስኳሩ ኢንፌክሽን ባለበትና በደከመ ጡንቻም ይከማቻል። ምስሉ የሐኪሙን እጅና የሕመምተኛውን ቃል አይተካም። እንግዲህ መገጣጠሚያው በየጠዋቱ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚደርቅበት ሰው አጥንቱ እስኪጎዳ አይጠብቅ፤ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይሂድ።