አዛውንት አሽከርካሪዎች የመንገዳችን ስጋት ናቸው?

ዕድሜ የገፋ አሽከርካሪ ለሌላው መንገደኛ ያሰጋል የሚለው አስተያየት መሠረት የለውም አይባልም። ዓይን ይደክማል፣ ፍሬን ለመያዝ የሚወስደው ጊዜም ይረዝማል፤ በተነዳው ኪሎ ሜትር ልክ ሲሰላም ከ75 ዓመት በኋላ የአደጋ መጠን ይጨምራል። ሆኖም በበለጸጉት አገሮች እንደታየው፣ በእነዚህ አደጋዎች በብዛት የሚሞቱት ራሳቸው አዛውንቶቹ ናቸው፤ ሰውነታቸው ጉዳት አይችልምና። ለሌላው ይበልጥ የሚያሰጋው ወጣትና ልምድ የሌለው አሽከርካሪ ነው። ከሕዝቧ ከግማሽ በላይ ከ25 ዓመት በታች በሆነባት ኢትዮጵያ ደግሞ የአዛውንት አሽከርካሪዎች ድርሻ ትንሽ ነው። ከጅግጅጋ ወደ ሐረርም ሆነ ወደ ቶጎ ውጫሌ ለሚጓዝ ሰው ይበልጥ የሚያሰጉት ፍጥነት፣ ድካም፣ ከልክ ያለፈ ጭነትና አስፋልት የሚያቋርጡ ግመሎች ናቸው።

«ዓይኑ የደከመ ሰው በካራማራ ጠመዝማዛ ቁልቁለት የጭነት መኪና ቢነዳስ?» የሚል ይኖራል። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ መፍትሔው ግን የዕድሜ ጣሪያ ሳይሆን ምርመራ ነው። በአገራችን ዋነኛው የዓይነ ስውርነት መንስኤ የዓይን ሞራ ነው፤ እሱም በቀዶ ሕክምና ይወገዳል። የ50 ዓመቱም ሰው ሞራ ሊይዘው፣ የ70 ዓመቱ ደግሞ አጥርቶ ሊያይ ይችላል። ስለዚህ መንጃ ፈቃድ ሲታደስ የሚጠየቀው የጤና ምርመራ ለማኅተም ብቻ ሳይሆን በትክክል ይደረግ፤ የፍጥነት ቁጥጥሩም በሁሉም ዕድሜ ላይ እኩል ይጥበቅ።