የነከሰ ውሻ 10 ቀን

በአሰላም ሆነ በጭላሎና በካካ ተራሮች ግርጌ ባሉት የአርሲ ቀበሌዎች፣ ባለቤቱ መንገድ ሲሄድ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ ከግቢው አይወጣም፤ ጎረቤት ወይም ዘመድ እያበላው ይሰነብታል። የደጋው ውሻ ለብዙ ቀናት ተዘግቶበት የሚቆየው ከሁሉ በላይ ሰው ነክሶ የእብድ ውሻ በሽታ ሲጠረጠር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ጤነኛ የሚመስል የነከሰ ውሻ ለ10 ቀን ተለይቶ እንዲጠበቅ ይመክራል። ቫይረሱ ምራቅ ውስጥ የሚገባው ምልክቱ ሊታይ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ስለሆነ፣ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን ሊያስተላልፍ ይችል የነበረ ውሻ በእነዚህ ቀናት ውስጥ ታሞ ይሞታል። ግን ቀን መቁጠር ብቻውን አይበቃም። መዘጋቱ ራሱ የውሻን ጠባይ ስለሚለውጥ፣ ይህን ለውጥ የማያውቅ ጠባቂ ጤነኛውን አብዷል ሊል፣ የታመመውንም አኩርፏል ብሎ ሊያልፈው ይችላል።

ከለመደው ቦታ የተነጠለ ውሻ ጭንቀቱ በደሙና በሽንቱ ይለካል። አንጎሉ ስጋት ሲሰማው ከኩላሊቶቹ በላይ ያሉት ዕጢዎች ኮርቲዞል የተባለውን ሆርሞን በብዛት ያመነጫሉ። ማይክል ሄነሲና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ መጠለያ የመጀመሪያዎቹን 3 ቀናት ያሳለፉ ውሾች ከ9 ቀን በላይ ከቆዩት ይልቅ ከፍ ያለ ኮርቲዞል ነበራቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ለሠራዊት አገልግሎት የታጩ ላብራዶሮችን አነጻጽሯል፤ አስቀድመው ዝግ ማደሪያን የተለማመዱት የመጀመሪያውን ሌሊት ካልተለማመዱት ባነሰ ጭንቀት አሳልፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ 207 የመጠለያ ውሾች ለአንድ ወይም ለሁለት ሌሊት ሰው ቤት እንዲያድሩ ሲደረግ ኮርቲዞላቸው ወረደ፤ ወደ መጠለያው ሲመለሱም ወደነበረበት ተመለሰ። ከፍ ያለ ኮርቲዞል ደስታና መነቃቃትንም ሊያመለክት ይችላል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ ትክክል ናቸው። ሆርሞኑ ትርጉም የሚኖረው ከጠባዩ ጋር ሲነበብ ነው። ጅራቱን ሸጉጦ፣ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ፣ ምግቡን ትቶ የሚንጎራደድ ውሻ ደስ ብሎታል የሚል ግን አይገኝም።

«የእኛ ውሻ ብርድና ዝናብ የለመደ ዘበኛ ነው፤ እንደ ፈረንጅ ውሻ አይሞላቀቅም» የሚል ይኖራል። ብርድን መልመድና መዘጋትን መልመድ ግን ለየቅል ናቸው። ቀን ከከብት ጋር መስክ ውሎ ሌሊት አጥር ለአጥር የሚዞር ውሻ ከሚያጣው ሰው በተጨማሪ ክልሉንና ሥራውን ይነጠቃል። የ2007ቱ ጥናት የሚያሳየውም የሚረዳው ቀደም ያለ ልምምድ መሆኑን ነው፤ ይህ ውሻ ደግሞ ልምምዱ የለውም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከብዙ የከተማ ውሻ ይልቅ ይከብዱበታል ብዬ አስባለሁ።

ችግሩ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። የተጨነቀ ውሻ ምግብ ይተዋል፤ ሌሊቱን ሲያላዝን አድሮ ድምፁ ይጎረንናል፤ በርና ገመድ ያኝካል፤ የቀረበውን ሊነክስ ይቃጣል። ያበደ ውሻም እነዚህን ሁሉ ያደርጋል። ዋናው መለያ የለውጡ አቅጣጫ ነው። ጭንቀት ቀናት ሲቆጠሩ ይረግባል፤ ውሻው መጀመሪያ ውኃ፣ ቀጥሎ ምግብ ይቀምሳል፣ የሚያውቀው ሰው ሲመጣ ጆሮውን ያነሳል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን አይመለስም፤ የኋላ እግሩ ይብረከረካል፣ መንጋጋው ይንጠለጠላል፣ መዋጥ አቅቶት ለሐጩ ይዝረበረባል፣ በጥቂት ቀናትም ይሞታል። አንዳንዱ ምንም ሳይቆጣ ዝም ብሎ ሽባ ስለሚሆን ጸጥታውን መልመድ አድርጎ መውሰድ አደገኛ ነው። እየባሰበት የሚሄድን ውሻ «ከፍቶት ነው» ማለት አይገባም፤ የእንስሳት ሐኪም ወዲያውኑ መጠራት አለበት። ጭንቀቱና በሽታው እንዳይምታቱ ነው ማቆያው በተቻለ መጠን በራሱ ግቢ፣ ሕፃናትና ከብት በማይደርሱበት ጠንካራ አጥር ውስጥ እንዲሆን፣ ምግቡንም ያው አንድ የሚያውቀው ሰው በአጥሩ በኩል እንዲያቀርብለት የምመክረው። መንካትና ማሻሸት የለም። ጭንቀቱ በቀነሰ ቁጥር የቀረው ምልክት ጎልቶ ይታያል።

ገድሎ መገላገል ይሻላል የሚለው ሐሳብ ከፍርሃት የሚነሳ ነውና አልንቀውም። ነገር ግን የተነከሰውን ሰው የሚያድነው ቁስሉን ወዲያውኑ ለ15 ደቂቃ በሳሙናና በውኃ ማጠብና ውሻው ምን ይሆናል ብሎ ሳይጠብቅ ክትባት መጀመር ነው። ውሻው 10ኛውን ቀን ጤነኛ ሆኖ ካለፈ ሐኪሙ ቀሪውን ክትባት ሊያቋርጥ ይችላል፤ ከተገደለ ግን ቁርጡ የሚታወቀው በአንጎል ምርመራ ብቻ ነው፣ ጭንቅላቱ በድንጋይ ከተፈጨ ደግሞ እርሱም ይቀራል። ውሻዬን ይገድሉብኛል ብሎ የሰጋ ባለቤትም ይደብቀዋል ወይም ይለቀዋል። የተለቀቀው ከከብቱ ጋር ወደ ተራራው ግጦሽ ይወጣል፤ እዚያ በመላው ኢትዮጵያ ከ500 የማይበልጡት ቀይ ቀበሮዎች የተወሰኑት ይኖራሉ። በጎረቤት ባሌ፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ከውሾች የተዛመተው ይኸው በሽታ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀይ ቀበሮዎች ሦስት አራተኛ ያህሉን ፈጅቷል።

የውሻው የራሱ ክትባትም በእነዚህ ቀናት መካከል አይሰጥም። መርፌው ትኩሳትና ድብታ ሊያመጣ ስለሚችል ምልክቶቹን ያደበላልቃል፤ የሚከተበው 10ኛው ቀን ካለፈ በኋላ፣ ከመለቀቁ በፊት ነው።