በሰቆጣና በዋግ ደጋ ስለ አየር ጠባይ ተመልካች

የአየር ጠባይ ተመልካች ማለት ዝናቡን፣ በረዶውን፣ መብረቁንና ጎርፉን በሚኖርበት ስፍራ እየተመለከተ የሚመዘግብና በጊዜው የሚያስታውቅ ሰው ነው። ሥራው አጭር ትምህርት፣ ጥቂት መሣሪያና ትጋት የሚጠይቅ ስለ ሆነ መምህሩም፣ የግብርና ሠራተኛውም፣ ተማሪውም ከዋናው ተግባሩ ጋራ አጣምሮ በበጎ ፈቃድ ሊሠራው ይችላል። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው የሥራውን አኳኋንና ለዋግ ኽምራ የሚሰጠውን ጥቅም ነው።

ሰቆጣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አገሩ ከደጋው ተነሥቶ በገደልና በሸለቆ እየተቆራረጠ ወደ ተከዜ ቆላ ይወርዳል። ዝናቡ የሚበዛው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ እነዚህ ሁለት ወራት ከከዱ የዓመቱ እህል ይከዳል። ዋግ በወሎ ሥር በነበረችበት ዘመን፣ በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረኀብ ለዚህ ምስክር ነው።

በተራራማ አገር ዝናብ አንዱን ሸንተረር መትቶ ሌላውን ያልፈዋል። ስለዚህ በከተማ ያለ አንድ ጣቢያ ለገጠሩ ሁሉ ሊመሰክር አይችልም። በአገራችን የሜቴዎሮሎጂ አገልግሎት ራሱን ችሎ የተቋቋመው በ1973 ዓ.ም. ሲሆን ዛሬ የኢትዮጵያ ሜቴዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት ይባላል። ከጣቢያዎቹ መካከል ዝናብ ብቻ የሚለካባቸው 4ኛ ደረጃ ናቸው። መለኪያው ከዛፍና ከቤት ርቆ በገላጣ ስፍራ ይተከላል፤ በየቀኑም ከጧቱ በ3 ሰዓት ይነበባል። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ የወረደ አንድ ሊትር ውሃ ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የዜሮ ነገር ነው። እኛም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለን የዝናብ መዝገብ እንድንይዝ ታዘን ነበር። በዘነበ ቀን እየተሽቀዳደምን እንጽፋለን፤ ባልዘነበ ቀን ግን ሰንጠረዡን ባዶ እንተወዋለን። በዓመቱ መጨረሻ መዝገቡን ስንገልጥ የትኛው ቀን ደረቅ እንደ ነበረ፣ በየትኛውም ቀን እኛ እንደ ሰነፍን ለመለየት አልቻልንም። ባዶ ቦታ «አልታየም» ማለት ነው፤ ዜሮ ግን «ታይቷል፤ አልዘነበም» ማለት ነው። በነሐሴ ተከታትለው የተጻፉ ዐሥር ዜሮዎች ማሽላው ሳይደርቅ አስቀድመው ይናገራሉ። ባዶው ገጽ ግን ረኀቡን ይሸፍናል።

አደገኛ የአየር ጠባይ ሲመጣ ተመልካቹ አራት ነገር ያስታውቃል፤ ምን፣ የት፣ መቼና ምን ያህል። በረዶ ቢወርድ «ትልቅ ነው» ከማለት ይልቅ ሽምብራ፣ ባቄላ ወይም የዶሮ እንቁላል ያህላል ማለት ይሻላል። ድምፅ በአንድ ሰኮንድ ወደ 340 ሜትር ስለሚጓዝ፣ ከብልጭታው እስከ ነጎድጓዱ ያለውን ሰኮንድ ቈጥሮ ለሦስት ቢያካፍል የመብረቁን ርቀት በኪሎ ሜትር ያገኛል። 30 ሰኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ ቤት መግባት እንጂ ከዛፍ ሥር መጠለል አይገባም። ደራሽ ጎርፍም በታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ይደርሳልና፣ በደጋ ያለው ተመልካች ያየውን ቶሎ ቢያሳውቅ በወንዙ ዳር ከብት የሚያጠጣው እረኛ ይድናል። በዋግ ኽምጣና የሚናገረው ሕዝብ ብዙ ስለ ሆነ ማስጠንቀቂያው በቋንቋው ሊደርሰው ይገባል።

ይህ ነገር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በ1989 ዓ.ም. ሐምሌ በአሜሪካ ፎርት ኮሊንስ በተባለች ከተማ በአንዱ ወገን ከ250 ሚሊሜትር በላይ ሲዘንብ በሌላው ወገን የዘነበው እጅግ ያነሰ ነበር፤ በጎርፉም 5 ሰዎች ሞቱ። ራዳር ባለበት አገር ይህ ስለ ደረሰ፣ በዓመቱ የዚያው የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ዝናብ የሚለኩ በጎ ፈቃደኞችን ማሰባሰብ ጀመሩ።

እንግዲህ በክረምት ዕረፍት ወደየአገራችን የምንመለስ ተማሪዎች፣ በአቅራቢያችን ያለው መለኪያ በማን እንደሚነበብና መዝገቡ ባዶ ቦታ እንዳለው ጠይቀን ብንመለስ፣ ለምርምራችንም ለወገኖቻችንም ጥቂት የማይባል አገልግሎት ነው።