በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ በቢስክሌት መንሸራሸርና ለልጆች የሚሰጠው ትምህርት

ልጆችን ከቤት አውጥቶ አገር ማሳየት እንደ ተድላ ብቻ የሚቈጠር አይደለም፤ ትምህርትም ነው። በመኪና የሚሄድ ሰው ብዙ አገር ያልፋል እንጂ ጥቂት ያያል፤ በእግሩ የሚሄድ ደግሞ ብዙ ያያል እንጂ ሕፃናት ይዞ ሩቅ ለመድረስ አይችልም። ቢስክሌት ግን የሁለቱ መካከለኛ ነው፤ ሲፈልጉ ይፈጥናል፤ ልጅ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ሲጠይቅም ወዲያው ይቆማል። ስለዚህ በሮማ ከተማ ከሚኖር አንድ የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ጋር በጥንታዊው የአፒያ መንገድ ላይ ያደረግነውን የአንድ እሑድ ሽርሽር፣ ለወላጆች ይጠቅም እንደ ሆነ ብለን፣ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ወደድን። የሮማን ነገር ስንጽፍ ዘመኑ በአውሮፓ አቆጣጠር፣ ኢትዮጵያን የሚነካው ግን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢ ይወቅልን።

ቤተሰቡ አባት፣ እናት፣ የ12 ዓመት ወንድ ልጅና የ9 ዓመት ሴት ልጅ ናቸው። ሁለቱም ልጆች የተወለዱት በዚያው በሮማ ነው። ለሽርሽሩ ምክንያት የሆነው የወንዱ ልጅ አንድ ቃል ነበረ። ልጁ ከትምህርት ቤት በተመለሰበት ቀን በእራት ሰዓት፤ «አባባ፣ ሮማውያን መንገድ ሠሩ፣ ድልድይ ሠሩ፣ ውሃውን በድንጋይ ቅስት ላይ አስሄዱ፤ የእኛ ሰዎች ግን ምን ሠሩ?» ብሎ ጠየቀ። አባትየው ደነገጠ። የደነገጠውም መልስ አጥቶ ሳይሆን፣ ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ ነገሩን ከእርሱ አፍ ሳይሰማ በመቅረቱ አፍሮ ነው። «በቃል ብቻ ብነግረው እንደ ተረት ይቈጥረዋል፤ በስፍራው ላይ ላሳየው» ብሎ አሰበና፣ እኛንም ጨምሮ፣ እሑድ ጧት ጕዞ ጀመርን።

የተሳፈርንባቸው የተራራ ቢስክሌት የሚባሉት ናቸው። ይህ ዐይነት ቢስክሌት የተገኘው በ1970ዎቹ በአሜሪካ በካሊፎርንያ ወጣቶች አሮጌ ቢስክሌቶችን እያጠናከሩ በተራራ ቁልቁለት ላይ መንዳት በጀመሩ ጊዜ ነው። ጎማው ሰፊና ጥርሳም ነው፤ ፍሬኑ ብርቱ፣ ማርሹም ብዙ ነው። ስሙ የተራራ ይባል እንጂ ጥቅሙ በተራራ ብቻ አይደለም። የአፒያ መንገድ ሜዳ ነው ለማለት ይቻላል፤ ዳሩ ግን የጥንቱ ንጣፍ ጥቁር ድንጋይ ስለ ሆነ፣ በቀጭን ጎማ የሚሄድ ሰው ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ ድረስ ይናወጣል።

መንገዱን ክርስቶስ ከመወለዱ 312 ዓመት አስቀድሞ ያስጀመረው አፒዩስ ክላውዲዩስ የሚባል የሮማ ሹም ነው፤ በስሙም ተጠራ። በመጀመሪያ እስከ ካፑዋ ከተማ ድረስ ተሠራ፤ ኋላም እየተራዘመ በኢጣልያ ደቡብ ምሥራቅ እስካለው እስከ ብሪንዲዚ ወደብ ደረሰ። የተሠራውም ጦር ፈጥኖ እንዲዘምትበት ነው። ከሮማ ሲወጡ መንገዱ የተዘረጋው በጥንት ዘመን ከአልባ ተራሮች የፈሰሰው እሳተ ገሞራ ቀዝቅዞ በቀረበት ጀርባ ላይ በመሆኑ፣ አቀበቱ የማይታወቅና ለልጆች እግር የሚስማማ ነው። ወርዱ 4 ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሁለት ሠረገሎች ለመተላለፍ ይበቃቸዋል።

ከቅዱስ ሰባስትያኖስ በር ጀምሮ ያለው የመጀመሪያው ክፍል ግን ጠባብ ነው፤ ግራና ቀኙ በግንብ የታጠረ፣ መኪናም የሚያልፍበት ነው። ልጆች የያዘ ሰው በዚህ ስፍራ እንዳይቸኩል እንመክራለን። እኛም አባትየው ከፊት፣ እናቲቱ ከኋላ፣ ልጆቹ በመካከል ሆነው፣ የጥንት ክርስቲያኖች መቃብር ካለባቸው ዋሻዎች አጠገብ በዝግታ አለፍን። ከዚያ በኋላ ግንቡ ያልቅና ሣርና ሜዳ ይከፈታል።

በስተ ግራ በኩል ከ306 እስከ 312 ዓመተ ምሕረት የነገሠው ማክሴንትዮስ ያሠራው የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ይገኛል። በዘመኑ 10,000 ያህል ተመልካች ይይዝ ነበር፤ ዛሬ ግን ሣር በቅሎበታል። በሜዳው መካከል ከግብፅ ድንጋይ የተጠረበ ረጅም ሐውልት ቆሞ ነበር። እርሱም በ17ኛው መቶ ዓመት ከዚህ ተነሥቶ በሮማ በናቮና አደባባይ ከምንጩ በላይ ቆመ። ሮማ ከግብፅ ቤተ መቅደሶች ተነቅለው የመጡ ሌሎችም ሐውልቶች አሏት። ልጁ ይህን ሲሰማ፤ «ታዲያ ከሰው አገር ያመጡትን ድንጋይ መመለስ የለባቸውም?» አለ። አባቱም፤ «ይህን ጥያቄ አትርሳው፤ ማታ እንመለስበታለን» አለው።

ጥቂት ወጣ ሲሉ እንደ ምሽግ ክብ ሆኖ የተሠራው የቼቺልያ ሜቴላ መቃብር ይታያል። ይህች ሴት የታላቅ ቤት ልጅ ነበረች፤ ያገባችውም የባለጠጋው የጦር አለቃ የክራሱስን ልጅ እንደ ሆነ የታሪክ ሊቃውንት ይናገራሉ። እዚህ ላይ ቆመን አባትየው ለልጆቹ አንድ ከባድ ታሪክ ነገራቸው። ክርስቶስ ከመወለዱ 73 ዓመት አስቀድሞ፣ ለሕዝብ መደሰቻ በሰይፍ እንዲጋደሉ የሚገደዱ ባሮች እስፓርታኩስ በሚባል ሰው መሪነት ከካፑዋ አምልጠው ለነጻነታቸው ተዋጉ። ከሁለት ዓመት በኋላ ያው ክራሱስ ድል አደረጋቸውና፣ ከተማረኩት 6,000 ሰዎችን ከካፑዋ እስከ ሮማ ድረስ በዚሁ መንገድ ዳርና ዳር ሰቀላቸው። እናቲቱ «ለትንሿ ይህ ነገር አይከብድም ወይ?» ብትልም፣ ልጅቱ ራሷ ግንቡን አሻቅባ እያየች፤ «የእነዚያ ሰዎች መቃብር የት አለ?» ብላ ጠየቀች። መቃብራቸው የለም። የአንዲት ወይዘሮ መቃብር እንደ ግንብ ከፍ ብሎ ሲታይ፣ የ6,000ው ግን ምልክት እንኳ አልተተወለትም። ለልጅ ታሪክን አሳምሮ ብቻ መንገር ልጁን ማታለል እንደ ሆነ በዚያች ጥያቄ ተረዳነው።

ከመቃብሩ በኋላ ያለው መንገድ ከሁሉ የተዋበው ነው። ጃንጥላ የመሰሉ ጥዶች በግራና በቀኝ ቆመዋል፤ የፈረሱ መቃብሮች በሣር መካከል ይታያሉ። ከጥቁሩ ድንጋይም አንዳንዱ የሠረገላ መንኰራኵር የቦረቦረውን ፈር እስከ ዛሬ ይዟል። ትንሿ ልጅ በዚህ ፈር ውስጥ ጎማዋ ገብቶ ወደቀች። የራስ ቁር ስላደረገች ከጕልበቷ መላላጥ በቀር አልተጐዳችም። ከዚያ ወዲህ በድንጋዩ ዳር በምትሄደው የአፈር መንገድ እንድትነዳ አደረግናት።

ይህ ሁሉ ሜዳ ባዶ ሆኖ የቈየው በራሱ አይደለም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ባለሀብቶች በዚህ ስፍራ ቪላ መሥራት በጀመሩ ጊዜ፣ አንቶንዮ ቼዴርና የሚባል ጋዜጠኛ በ1953 ድርጊቱን በብርቱ ቃል ጽፎ ተቃወመ፤ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመታት ስለዚሁ ከመጻፍ አላቋረጠም። በ1965 ስፍራው የሕዝብ መናፈሻ እንዲሆን ተወሰነ፤ በ1988ም በሕግ የተከበረ ፓርክ ሆነ። በ2024 መንገዱ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ተጻፈ። የእኛይቱ አክሱም በዚሁ መዝገብ የተጻፈችው በ1980 መሆኑን፣ ማለት 44 ዓመት ቀድማ መሆኑን፣ አባትየው ሲናገር ልጁ ቢስክሌቱን አቁሞ ሰማ።

ምሳችንን የበላነው በአምስተኛው የሮማ ማይል ገደማ፣ የኵዊንቲሊ ወንድማማቾች ቤት ፍራሽ በሚታይበት አጠገብ ነው። እነዚህ ሁለት ወንድማማቾች በፍቅራቸው የታወቁ ነበሩ። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ ኮሞዱስ በ182 ገደማ ሁለቱንም አስገድሎ ቤታቸውን ለራሱ ወሰደ። እናቲቱ እንጀራውን እየቈረሰች፤ «የቀማውም አልቀረ፤ የተቀማውም አልቀረ፤ ፍቅራቸው ግን ይኸው ይነገራል» ስትል፣ ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ የነበሩት ልጆቿ እርስ በርሳቸው ተያዩ።

ከሰዓት በኋላ ፊታችንን ወደ ሮማ መለስን። አሁን የምንነዳው አበበ ቢቂላ በሮጠበት አቅጣጫ ነው። የሮማው የኦሊምፒክ ማራቶን የተደረገው ጳጕሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ ዕለት ነበረ። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለ ሆነ፣ በአፒያ መንገድ ሲመለሱ ጨለማ ነበር፤ ወታደሮችም ችቦ ይዘው ያበሩላቸው ነበር። የክብር ዘበኛው ወታደር በባዶ እግሩ እየሮጠ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ ፈጀና ከዓለም ሁሉ ቀደመ። ይህን ሲሰማ ልጁ ጫማውን አውልቆ በጥቁሩ ድንጋይ ላይ ሃያ እርምጃ ያህል ሄደ። ተመልሶም ጫማውን እያጠለቀ፤ «ይጐረብጣል» አለ እንጂ ሌላ አልተናገረም።

ጀምበር ስታዘቀዝቅ በከተማው ውስጥ ወደ ካፔና በር አደባባይ ደረስን። የአፒያ መንገድ በጥንት የሚጀምረው ከዚህ ነው። ፋሺስቶች ከአክሱም የወሰዱትን 24 ሜትር ርዝመትና 160 ቶን ያህል ክብደት ያለውን ሐውልት በ1930 ዓ.ም. ያቆሙትም በዚሁ አደባባይ ነበር። በ1939 ዓ.ም. በፓሪስ የተፈረመው የሰላም ውል ከኢትዮጵያ የተወሰደው ሁሉ በ18 ወር ውስጥ እንዲመለስ ቢያዝም፣ ሐውልቱ በዚያው ቈየ። አበበ በዚያች ሌሊት ተፎካካሪውን ጥሎ የተፈተለከው፣ ወደ ቈንስጣንጢኖስ ቅስት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው፣ ከዚህ ሐውልት አጠገብ ነው። ሐውልቱ በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን መመለስ የጀመረው በሚያዝያ 1997 ዓ.ም. ሲሆን፣ በአክሱም ቆሞ የተመረቀው ነሐሴ 29 ቀን 2000 ዓ.ም. ነው።

አባትየው ይህን ተናግሮ ሲጨርስ፤ «የእኛ ሰዎች ምን ሠሩ ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር። ያን የሚያህል ሐውልት ከአንድ ድንጋይ ጠርበው አቆሙ። የጠራቢዎቹ ስም አልተጻፈም፤ ዛሬ የነዳንበትን መንገድ የጠረቡትም ስማቸው አልተጻፈም። ስለዚህ በሠራተኛ እጅ አትናቅ፣ አትኵራም፤ የማንም ቢሆን አክብረው» አለው። ልጁ ባዶውን ስፍራ ጥቂት ተመለከተና፤ «እንግዲህ እዚህ የለም ማለት ነው» አለ። አባቱም፤ «የለም፤ ቤቱ ገብቷል» ሲለው ልጁ ፈገግ አለ።

ወላጆች ሆይ፤ እንዲህ ላለው ጕዞ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ቢስክሌቱ ለልጁ ቁመት የሚስማማ ይሁን፤ ለድንጋይ መንገድ ጎማው እጅግ የተነፋ አይሁን፤ ፍሬኑ አስቀድሞ ይፈተን፤ የራስ ቁርና ውሃ አይረሳ፤ የበጋው ቀትር ይቅርና ጸደይ ወይም መከር ይመረጥ። ጕዞው በታናሹ ልጅ ጕልበት እንጂ በታላቁ አይለካ። ከሁሉ ይልቅ ግን ልጁ ሲጠይቅ ይቁሙለት፤ ደስ የሚያሰኘውንም የሚያሳዝነውንም በእውነት ይንገሩት። ያን ቤት በእራት ጊዜ ያስጨነቀው ጥያቄ በአንድ ቀን የቢስክሌት መንገድ ላይ መልስ አግኝቷልና።