የሰርግ ካሴት ወደ ዲቪዲ ሲዛወር ጥራቱ የሚጠፋው የት ነው?

በጄኔቫ ከተማ ፕላንፓሌ በተባለው ሰፊ ሜዳ ረቡዕና ቅዳሜ የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። የሰርግና የክርስትና ካሴቶቹን ወደ ዲቪዲ ማዛወር የሚሻ ሰው ማጫወቻውን የሚፈልገው እንዲህ ባለ ስፍራ ሆኗል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቀው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ የቪኤችኤስ ማጫወቻ ማምረቱን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ2016 ነውና።

በውጭ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች ዘንድ የሁለት ሥርዓት ካሴቶች ተቀላቅለው ይገኛሉ። ከአዲስ አበባ የመጣው፣ እንደ ስዊዘርላንዱ ሁሉ፣ በፓል ሥርዓት የተቀረጸ ነው፤ 625 መስመሮችና በሰከንድ 25 ምስሎች አሉት። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ግን ኤንቲኤስሲ ነው፤ 525 መስመሮችና ወደ 30 የሚጠጉ ምስሎች። አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ እንቅስቃሴውን ያንቀጠቅጣል፣ ምስሉንም ያደበዝዛል። እያንዳንዱ ካሴት በራሱ ሥርዓት ቢገለበጥ ይበጃል፤ የዲቪዲ ደረጃ ሁለቱንም ይቀበላል።

ሌላው ኪሳራ ከስስት ይመጣል። 4.7 ጊጋባይት በሚይዝ ዲቪዲ ላይ በከፍተኛ ጥራት የሚቀመጠው አንድ ሰዓት ያህል ነው፤ ስድስት ሰዓት ሲታጨቅበት እስክስታ የሚመታው ትከሻ ወደ ትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይፈርሳል። ዋናው ካሴትም ባይጣል ይመረጣል፤ የተሻለ ማጫወቻ የተገኘ ዕለት እንደገና ይገለበጣል።