ያለ ዋጋ የሚቆም ዘበኛ፤ ለቤት ኮምፒዩተር ነጻ የጥበቃ ፕሮግራም ስለ መምረጥ

የቤት ኮምፒዩተርን ከጎጂ ፕሮግራሞች የሚጠብቁ፣ ገንዘብም የማይጠየቅባቸው ፕሮግራሞች ዛሬ ብዙዎች ናቸው። ሰው ከእነዚህ አንዱን ለመምረጥ ሲነሣ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው ይበልጣል?» ብሎ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለማሳየት የምንሞክረው ግን ከዚህ በፊት ሌላ ጥያቄ መቅደም እንዳለበት ነው፤ ይኸውም ፕሮግራሙን በነጻ የሚሰጠን ድርጅት በምን ይተዳደራል የሚለው ነው። የምንናገረው ዊንዶውስ ስለ ተጫነበት ኮምፒዩተር ነው፤ በተማሪ መኝታ ቤትም ሆነ በየቤታችን በብዛት የሚገኘው ይኸው ነውና። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንቲቫይረስ የሚባለው የጥበቃ ፕሮግራም ሥራው ምን እንደ ሆነ በአጭሩ መናገር ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ ወደ ኮምፒዩተሩ የሚገባውን ፋይል እየከፈተ ቀድሞ ከታወቁ ጎጂ ፕሮግራሞች ምልክት ጋር ያስተያያል። ምልክቱ ያልታወቀ ሲሆንም ጠባዩን ይመለከታል፤ ለምሳሌ አንድ ፕሮግራም በድንገት የባለቤቱን ጽሑፎች ሁሉ መቈለፍ ቢጀምር ያግደዋል። አጠራጣሪ የሆነውን ደግሞ በኢንተርኔት ወደ ሠሪው ድርጅት ልኮ ያስመረምራል። ይህን ሁሉ ለማድረግ ከማናቸውም ሌላ ፕሮግራም የበለጠ ሥልጣን ሊሰጠው ግድ ነው። የግቢ ዘበኛ የውጭውን በር ብቻ ይጠብቃል፤ ይህኛው ግን የጓዳውንም የመኝታ ቤቱንም ቁልፍ ይዞ ያድራል።

ሥራውም መጨረሻ የለውም። ፍሬድ ኮኸን የተባለ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ በ1984 ባቀረበው ጥናት፣ ማናቸውንም ቫይረስ ያለ ስሕተት የሚለይ ፕሮግራም ሊኖር እንደማይችል አስረድቶአል። የክርክሩ አካሄድ ለፍልስፍና ተማሪዎችም የሚጥም ይመስለናል። እንዲህ ያለ ፍጹም መርማሪ አለ እንበል። አሁን አንድ ተንኰለኛ ፕሮግራም ይጻፍና መርማሪውን ስለ ራሱ ይጠይቀው፤ መርማሪው «ቫይረስ ነህ» ቢለው ዝም ብሎ ይቀመጥ፣ «አይደለህም» ቢለው ግን ይባዛ። እንግዲህ መርማሪው ማናቸውንም መልስ ቢሰጥ መሳሳቱ አይቀርም። ከዚህ የተነሣ የጥበቃ ፕሮግራም አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚያልቅ ዕቃ ሊሆን አይችልም፤ በየቀኑ አዲስ የሚወጣውን እየተከታተሉ ዝርዝሩን ለሚያድሱ ባለሙያዎች ደመወዝ ያስፈልጋል። ተጠቃሚው ካልከፈለ ሌላ ሰው ይከፍላል ማለት ነው።

ከፋዩን ለማወቅ ስንመረምር አንዳንዱ ድርጅት ነጻውን ፕሮግራም እንደ ማስታወቂያ ይዞት እናገኛለን። ከብዙ ነጻ ተጠቃሚዎች መካከል ጥቂቶቹ ወደሚከፈልበት እንዲሻገሩ ተስፋ ያደርጋል፤ «አሁኑኑ ይግዙ» የሚለው መልእክት እየደጋገመ ብቅ የሚለውም ስለዚህ ነው። ይህ ያሰለቻል እንጂ ብዙ አይጎዳም። የሚጎዳው ሌላው መንገድ ነው።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን በፕራግ ከተማ የተመሠረተው አቫስት ነው። ድርጅቱ በነጻ ጥበቃው በዓለም የታወቀ ነበር፤ ጥበቃውም ደካማ አልነበረም። ነገር ግን ጃምፕሾት በሚባል ቅርንጫፉ አማካይነት ተጠቃሚዎቹ በኢንተርኔት የጐበኟቸውን ገጾች መዝገብ ለሌሎች ይሸጥ እንደ ነበር ማዘርቦርድና ፒሲ ማግ የተባሉ ሁለት የዜና ማሰራጫዎች በጃንዋሪ 2020 ገለጡ። አቫስትም በዚያው ወር ጃምፕሾትን እንደሚዘጋ አስታወቀ። የአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2024 ባቀረበው ክስ ሽያጩ ከ2014 ጀምሮ እንደ ነበረና መዝገቡን ያገኙትም ከ100 በላይ እንደ ነበሩ ዘረዘረ፤ ድርጅቱም 16.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል፣ እንዲህ ያለውንም መዝገብ ለማስታወቂያ ሥራ እንዳይሸጥ ተወሰነበት።

ድርጅቱ የሰዎቹ ማንነት ከመዝገቡ ይወጣ ነበር ሲል ተከራክሮአል። ይህ መልስ ለምን እንደማይበቃ ማስረዳት ይገባል። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ኮምፒዩተር የማይለወጥ ቍጥር ነበረው፤ እያንዳንዱ ጉብኝትም የተደረገበት ጊዜ እስከ ሰከንድ ክፍልፋይ ድረስ ተጽፎ ነበር። አንድ የኢንተርኔት መደብር ደግሞ በዚያች ሰከንድ ማን ምን እንደ ገዛ ከራሱ መዝገብ ያውቃል። ሁለቱን መዝገቦች ጐን ለጐን ያስቀመጠ እንደ ሆነ ቍጥሩ ስም ያገኛል። ከዚያ በኋላ ያ ሰው ስለ በሽታው የጠየቀው፣ ስለ ሃይማኖቱ ያነበበው፣ ሥራ የፈለገበት ገጽ ሁሉ አብሮ ይገለጣል። ልብ ሊባል የሚገባው የፈተና ውጤት ብቻ አይቶ የመረጠ ሰው ይህን ሊያውቅ የማይችል መሆኑ ነው፤ ፈተናው የሚለካው ዘበኛው ስንት ሌባ እንደ ያዘ ነውና፣ ከቤት ምን ይዞ እንደ ወጣ አይናገርም።

በነገራችን ላይ፣ ኤቪጂ የተባለው ሌላው የታወቀ ነጻ ፕሮግራም በ2016 በአቫስት ተገዝቶአል። አቫስት ራሱ በ2022 ከኖርተን ባለቤት ጋር ተዋሐደ፤ የጀርመኑ አቪራም ቀደም ብሎ በዚሁ ባለቤት እጅ ገብቶ ነበር። ስለዚህ ሦስቱን እያማረጠ ሦስት ሱቅ የዞረ የመሰለው ሰው የዋለው ጄን ዲጂታል ከተባለው አንድ ነጋዴ ዘንድ ነው።

በእኛ አስተያየት ለአብዛኛው ተማሪ የሚበቃው ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር ነው። ዋጋው በዊንዶውስ ዋጋ ውስጥ ስለ ገባ ሠሪው የዘበኛውን ደመወዝ ለማግኘት መዝገብ መሸጥ አያስፈልገውም። ማይክሮሶፍት ቀድሞ በነጻ ያድለው የነበረው ጥበቃ በ2012 ገደማ በፈተና ወደ ኋላ ቀርቶ ነበር፤ ዛሬ ግን በማግደቡርግ የሚገኘው ኤቪ ቴስትና በኢንስብሩክ የሚገኘው ኤቪ ኮምፓራቲቭስ በሚያደርጉት ፈተና ከሚከፈልባቸው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል። ይህ ማለት ግን እንከን የለውም ማለት አይደለም። አጠራጣሪ ፋይሎችን ወደ ሠሪው ይልካል፤ የማይወድ ሰው ይህን በማስተካከያው ውስጥ ሊያስቀረው ይችላል። ደግሞም ኢንተርኔት ሲቋረጥ ቫይረስ የመለየት ችሎታው ከአንዳንድ ተወዳዳሪዎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኝቶአል። ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ በሚዘዋወርበት፣ መስመሩም በሚቈራረጥበት ስፍራ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለዚህ ያለው መላ፣ ማይክሮሶፍት በድረ ገጹ የሚያወጣውን የዝርዝር ማደሻ ፋይል መስመር ባለበት ቦታ አውርዶ በፍላሽ ወደ ቤት መውሰድ ነው።

ሌሎቹን በአጭሩ እንጥቀስ። የሩማንያው ቢትዲፌንደር ነጻ ጥበቃ ለዲፌንደር ምትክ ለሚሻ ሰው ደኅና ነው። የማልዌርባይትስ ነጻው ዐይነት ገብቶ የተገኘውን ያጸዳል እንጂ በር ላይ አይቆምም። ክላምኤቪ ምንጩ ለሁሉ የተገለጠ ስለ ሆነ ለተመራማሪ ይስባል፤ ዋና ሥራው ግን ደብዳቤ በሚያስተላልፉ ትልልቅ ኮምፒዩተሮች ላይ ነው። የመረጡት ምንም ይሁን ምን ሁለት ዘበኛ በአንድ በር ማቆም አይገባም፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እንደ ሌብነት ስለሚያየው ኮምፒዩተሩ ይዝላል።

ከምርጫው ይልቅ ብዙ ጉዳት የሚያመጣው ግን ሌላ ነው። ዋናክራይ የተባለው ጎጂ ፕሮግራም ሜይ 12 ቀን 2017 በዓለም ሲዛመት ማይክሮሶፍት የገባበትን ቀዳዳ መድፈኛ ካወጣ ሁለት ወር ሊሞላው ነበር፤ የተጠቁት ማደሻውን ያልጫኑ ናቸው። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍም ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ በዚያ ላይ የሚጫን ማናቸውም ዘበኛ በተሰነጠቀ ግድግዳ አጠገብ እንደ ቆመ ይቈጠራል። በየመኝታ ቤቱ የሚዘዋወረው «ክራክ» የተደረገ ፕሮግራም ደግሞ ከነመመሪያው ይመጣል፤ የመመሪያውም የመጀመሪያ መስመር ብዙ ጊዜ «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል ነው።

ፍላሽ ሲከፈት በፋይሎች ፋንታ አቋራጮች ብቻ የታዩ እንደ ሆነ ባለቤቱ ፈጥኖ ፎርማት ማድረግ የለበትም። ብዙ ጊዜ ቫይረሱ ፋይሎቹን ደብቆአቸው እንጂ አጥፍቶአቸው አይደለም፤ አቋራጩን ሳይነኩ ፍላሹን በዘበኛው አስመርምሮ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ ማዘዝ ይበቃል። የመመረቂያ ጽሑፍ ቅጂ ያለበት ፍላሽ ግን ከተገለበጠ በኋላ ተነቅሎ ይቀመጥ፤ ጽሑፍ ቈልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ፕሮግራም በዚያ ሰዓት ተሰክቶ ያገኘውን ፍላሽ ከኮምፒዩተሩ ለይቶ አይምረውም።